ያልተወሰደው ካፖርት

ሰፈሩ በሙሉ ልብስ ሰፊውን «ነገ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። «ሱሪዬስ?» ሲሉት «ነገ»፣ «እጅጌውስ?» ሲሉት «ነገ»። በማግስቱ ሲመጡ ደግሞ ዐይኑን በጨው አጥቦ «ነገ ብዬህ አልነበር?» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። እጁ ወርቅ ነው፤ ኪሱ ግን ወንፊት። ማክሰኞ የገባለት ገንዘብ ሐሙስን አያይም፤ የት ገባ ቢሉት እሱም እንደነሱ ይገረማል።

ሚስቱ ሃያ ዓመት መከረችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት፤ በመጨረሻ ደክሟት ተወችው። ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚዘጋው ማሽን፣ ስለሌላቸው ልብሱን ሁሉ መንገድ ተሻግረው ለጎረቤት ሱቅ እየከፈሉ ያስጨርሳሉ። ሥራውን እሷ ጥርሷን ነቅላበታለች፤ ሳታገባ ፋብሪካ ውስጥ በዚያው ማሽን ነበር የምትሠራው። «እሱ ቢኖረን የሰፈሩን ጠርዝ ሁሉ እኔ ነበርኩ የምዘጋው» ትል ነበር ድሮ። አሁን አትልም።

እሱ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ሦስቴ ይሞክራል። ዐይኑ ጨርሶ ሲደክም ቤቱ በምን እንደሚተዳደር እያሰበ ይጨነቃል። ለማንም አልተናገረም።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ጡረታ በወጡ ሒሳብ ሹም ጉርድ ቀሚስ ነው። ቀሚሱ ለአራተኛ ጊዜ «ነገ» ሲባል ሴትዮዋ አልጮኹም። በርጩማ ስበው ቁጭ አሉ።

«እስቲ ልጠይቅህ። ስንት ዓመት ሰፋህ?»

«ሠላሳ፣ እትዬ።»

«በሠላሳ ዓመት ስንት አስቀመጥክ?»

«ምን ተርፎኝ? ከተረፈኝማ አስቀምጥ ነበር።»

«ጨርቅ ስትቆርጥስ? ለስፌት የሚሆነውን ጣት ሙሉ ትርፍ የምትተወው ቆርጠህ ስትጨርስ ምናልባት ከተረፈ ብለህ ነው?»

ሳቀ። «እንዴ እትዬ! አስቀድሜ ነው እንጂ። እሱን ሳልተው ከቆረጥኩማ ልብሱ መቼ ይገጥማል?»

«ታዲያ ኑሮህ ለምን አልገጥም እንዳለህ አሁን ገባህ?»

ልብስ ሰፊው ነገ መቀሱን አስቀመጠ። ሠላሳ ዓመት በየቀኑ በእጁ የሚሠራውን ነገር አንድ ቀን ለራሱ አላሰበውም። አፈረ፤ እውነት ለመናገር ተናደደም። ቀሚሱን እዚያው ጨርሶ ሰጣቸው፤ ሰፈሩም ጉድ አለ። ሴትዮዋ ሲወጡ «ከገቢህ አስቀድመህ የምታነሳውን ባንክ አስገባው፤ ሚስትህም ትወቅ» አሉት። «ነገ» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሱቅ ሲዘጋ ከሳምንቱ ገቢ ከአሥር አንዱን አስቀድሞ ያነሳል። ኪራዩ፣ ክሩ፣ አስቤዛው፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። ግን የት እንዳስቀመጠው ስሙልኝ! አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለጥገና አምጥቶት ሁለት ዓመት ሳይወስደው የቀረ ጥቁር ካፖርት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በየቅዳሜው የካፖርቱን ገበር ደረቱ ላይ ይተረትራል፣ ገንዘቡን ይከታል፣ መልሶ ይሰፋል። ልብስ ሰፊ ካልሆነ በቀር ማን እንዲህ ያደርጋል? ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። ሃያ ዓመት ቃል እየገባላት አንዱንም ስላልፈጸመ፣ አሁን በአፉ ሊነግራት አልፈለገም፤ ገንዘቡ ለኦቨርሎኩ ነው፤ ማሽኑን አስጭኖ መጥቶ ሊያሳያት ነበር። ለማሽኑ የአራት ሳምንት ቁጠባ ብቻ ሲቀረው ጉድ ፈላ።

ያን ቀን ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ዚፕ ሊገዛ ሄደ። ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች።

«ያንን አቧራ የጠጣ ካፖርት ገላገልኩህ! ሾፌሩ መጥቶ ወሰደው። የጥገናውንም፣ የሁለት ዓመት ማስቀመጫውንም አስከፈልኩት!»

ዚፖቹ ከእጁ ወደቁ።

«ምነው? አመመህ እንዴ?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ ውሸትማ አያልቅበትም። ግን በርጩማው ላይ ዘጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት።

«ቆይ፣ አንተ ነህ ያጠራቀምከው? አንተ?»

«እኔ።»

«ታዲያ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት! በገዛ እጄ አውርጄ ሰጠሁት እኮ! አቧራውን ሳይቀር አራግፌ!» ብላ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ።

ሾፌሩ ቤት ሮጠው ሲደርሱ ጭነት ይዞ ሩቅ አገር ወጥቷል፤ በወር ነው የሚመለሰው። ስልኩም አይሠራም።

ቅዳሜ መጣ። ሚስቱ «አሁንማ በቃው፣ ወደ ድሮው ይመለሳል» ብላ ከጎን ታየዋለች። ነገ የሳምንቱን ገቢ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ከአሥር አንዱን ለይቶ ወደ እሷ ገፋው።

«ካፖርቱ ስለሄደ ትርፍ ሳልተው ልቁረጥ እንዴ?»

ሰኞ ጠዋት ባንክ ሄደው በሁለቱም ስም ደብተር አወጡ። እሷ ደስ ብሏት ፈረመች።

አራተኛው ቅዳሜ ባለፈ ማክሰኞ ሾፌሩ በሩን በርግዶ ገባ። ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«አንተ ሰውዬ፣ ደረቴ ላይ ምንድን ነው የከተትክብኝ? መሪ ባዞርኩ ቁጥር ይቆረቁረኛል። አስተካክልልኝ፤ ነገ ብቻ እንዳትለኝ!»

ሚስቱ ምላጭ አንስታ ገበሩን ከፈተች፤ የተጠቀለለው ገንዘብ ዱብ አለ።

«ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ሻይ በዱቤ ስጠጣ የከረምኩት?» አለ ሾፌሩ ራሱን ይዞ።

የሳቀ የለም። ሚስቱ ገንዘቡን ዞር ብላም አላየችውም። ገበሩን ወደ ብርሃኑ አነሳችው። በየሳምንቱ ሲተረተርና ሲሰፋ የኖረው ጨርቅ በመርፌ ቀዳዳ ወንፊት ሆኗል። በጣቷ ዳበሰችው።

«አንድም ሳምንት አልዘለልክም?»

«አልዘለልኩም።»

«እኔ የታመምኩ ጊዜ እንኳ?»

«ያን ሰሞን ትንሽ ነበር የከተትኩት።»

ካፖርቱ ውስጥ ያለውና ደብተሩ ላይ ያለው ሲደመር ማሽኑን ይገዛል፤ ሁለቱም ሳይቆጥሩት ያውቁታል። ነገ ለሾፌሩ የማስቀመጫውን ገንዘብ መለሰለትና «ቁጭ በል ወንድሜ፣ አዲስ ገበር አሁኑኑ አገባልሃለሁ» አለው። መርፌ አነሳ። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፤ ክሩ አልገባ አለው።

ሚስቱ መርፌውን ከእጁ ወሰደችና ባንድ ጊዜ አስገብታ መለሰችለት።

«ማሽኑን ለምን እንደፈለግከው የማላውቅ መሰለህ?» አለችው ቀስ ብላ። «ዐይንህ ሲደክም ቤቱን እኔ እንድይዘው አይደል? ሦስቴ ስትሞክር ዓመት ሙሉ ሳይህ ነው የኖርኩት።»