ፔግ፣ ተሳፈሪ!

ባሌ ክላሪ ከሞተ አራት ወሩ ነው። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ በጎቹን ያነሳል፣ ቁመቱን ያነሳል። እኔን ግን ትዝ የሚለኝ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱን የውሻ ሳጥን ውስጥ ከትቶ "ነይ እንጂ፣ ይኸው እኔም ገባሁ" ሲል ነው።

ልቡ ሲደክም ከአውስትራሊያዋ ናራኩርት ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን እርሻችንን ሸጠን ከተማ ውስጥ ካለ የጡረተኞች መንደር ገባን። ለበጎቹ አላለቀሰም። የአሮጊቷ ውሻችን የቴስን የመጨረሻ ቡችላ፣ ፔግን፣ ግን አልሰጥም አለ። የመንደሩ ኃላፊ ሎሬል ልጅ እግር ናት፤ ደንብ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም።

"ሐሙስ ሁለታችሁም አዳራሽ ለቢንጎ ጨዋታ ስትመጡ ቡችላዋ ሁለት ሰዓት ብቻዋን ትቆያለች" አለችው። "ከጮኸች ሌላ ባለቤት ይፈልጉላታል። ማሠልጠኛ ሦስት ሳምንት ሰጥቼዎታለሁ፤ በሦስተኛው ሐሙስ አያታለሁ።"

ብቻዋን ስትሆን የምትቆይበት፣ በር ያለው የሽቦ ሳጥን ገዛን። ክላሪ ዕድሜውን ሙሉ ውሻ ቤት አስገብቶ አያውቅም። የእንስሳት ሐኪሟ የሰጠችንን ወረቀት ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ "ምግቧን ሳጥኑ ውስጥ ስጧት። ስታለቅስ አታውጧት፤ ዝም ስትል አውጧት።"

"ገብቶኛል" አለ።

አልገባውም። በሩ ተዘግቶ ፔግ ገና ማላዘን ስትጀምር ብድግ አለ።

"ወዴት ነው?"

"ምን እንዳየች ልይ።"

"ሳጥን ነዋ ያየችው!"

"ኖሪን፣ ውሻ በባዶ ሜዳ አይጮህም።"

ሃምሳ ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው። እርሻ ላይ ውሻ ከጮኸ ወይ እባብ አለ፣ ወይ በግ አጥር ጥሷል፤ ሻይህን አስቀምጠህ ትነሳለህ። አንድ ቀን ተኝቼ አልነሳም ብዬ አርባ በግ ጽጌረዳዬን ግጦ ጨርሶታል። ስለዚህ ክላሪ ይነሳል፣ በሩን ይከፍታል፣ ከማጠቢያ ማሽኑ ኋላ እባብ ይፈልጋል። ፔግ እስከዚያው የእሱ ወንበር ላይ ትወጣለች። በሳምንቱ መጨረሻ ሥልጠናው ተሳካ፦ እሷ ስትጮህ እሱ ሮጦ ይመጣል።

"ጎበዝ" አልኩት ራሱን እየዳበስኩ። "ብስኩት ላምጣልህ?"

"አፊዢ አንቺ።"

በነጋታው ነው በሆዱ የተኛው። ጭንቅላቱ ገባ፣ አንድ ትከሻው ገባ፤ ከዚያ ተቀረቀረ። ፔግ ደስ ብሏት ተረከዙን ትነክሳለች።

"ኖሪን! አውጪኝ!"

"ወረቀቱ ስታለቅስ አታውጧት ይላል።"

"አንቺ ሴትዮ!"

"ዝም ስትል አወጣሃለሁ።"

እውነትም ዝም አለ። ከዚያ አፍንጫው ሲያሸት ሰማሁት። "ይሄ ምንጣፍ ሱቅ ሱቅ ይሸታል" አለ። "እኔም ብሆን እጮህ ነበር።"

ጎትቼ እንዳወጣሁት ወደ አሮጌው ፒካፓችን ሄደ። ከኋላው ካለው የውሾች ፍርግርግ ውስጥ ቴስ እስክትሞት አሥራ ሁለት ዓመት የተኛችበትን የበግ ሱፍ ጆንያ ይዞ ተመለሰ።

"እሱ ቤቴ አይገባም!"

"ቤትሽ መች ገባ? ሳጥን ነው የሚገባው።"

አነጠፈው። የመኪናውን ቁልፍ አቃጨለና እርሻ ላይ እንደሚለው "ፔግ፣ ተሳፈሪ!" አለ። ከእናቷ ጋር ፒካፑ ላይ ስትጫን የሰማችው ቃል ነው። ዘላ ገባች፣ አንዴ ዞረች፣ አገጯን መዳፏ ላይ አድርጋ ጭጭ አለች። የበግ ውሻ መኪና ላይ አይጮህም፤ ጥለውት እንዳይሄዱ ይፈራል።

አሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም። እኔ ልጨፍር ነው፤ ክላሪ ግን ተከዘ።

"ተሳፈሪ ብያት የትም አልሄደችም። ማታለል እኮ ነው።"

ከሳጥኑ ጋር በእጅ ጋሪ ጭኖ መንደሩን አዞራት። ከዚያ ወዲያ ዝም ብላ በጠበቀች ቁጥር መጨረሻው ጉዞ ሆነ፤ መጀመሪያ ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ጎረቤታችን ዱልሲ በመስኮት ብቅ ትላለች።

"ክላሪ፣ ታክሲህ ሰው ይጭናል?"

"ዝም የሚል ተሳፋሪ ብቻ!"

ሦስተኛው ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ የሚቁነጠነጠው እሱ ነበር።

"ድምፅ ሰማሁ።"

"የዱልሲ ወንበር ነው።"

"እሱ አይደለም፣ ሌላ።" ሊነሳ ሲል በሹራቡ ያዝኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ የቢንጎ ካርዱ ላይ አንድ ቁጥር አላጠቆረም።

ሎሬል ፊቷን ቋጥራ ገባች። "አንዴም አልጮኸችም" አለች። "እንዲያውም የሞተች መስሎኝ መስኮቱን አንኳኳሁ። አንድ ዓይኗን ከፍታ ገላመጠችኝ።" ከዚያ ሳቀች። "ትቆይ።"

ክላሪ አመሰግናለሁ እንኳን አላለም። "ጉዞ አለብኝ" ብሎ ወጣ።

ሦስት ዓመት አዞራት።

የቀብሩ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ቁልፉን ሳነሳ ፔግ ማንም ሳያዛት ሳጥኗ ውስጥ ገባች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስመለስ ዱልሲ ድምፅ አልሰማሁም አለችኝ። በሩን ከፈትኩ። አልወጣችም። አገጯ መዳፏ ላይ ነው፤ ታየኛለች።

ጥቁር ጫማዬን አውልቄ የክላሪን ቦት ጫማ አጠለቅሁ። ፔግ አድጋ ከብዳለች፤ ዱልሲና እኔ እየተራገምን ሳጥኑን ጋሪው ላይ ጫንነው። ጎማው ሲጢጥ ይላል። ዘይት ቀባው እያልኩት ሳይቀባው ነው የሞተው።

"ስትመለሺ እኔንም ጫኚኝ" አለችኝ ዱልሲ ዓይኗን እየጠረገች።

"ዝም ካልሽ።"

አልቻለችም፤ እስከ መንደሩ በር ድረስ ከጎናችን እየሄደች አወራች።