ግማሽ ኤሊ በክፍሉ አሸዋ ላይ

በፓሲፊክ ውቅያኖስ የማሌኩላ ደሴት ሰው ሲሞት መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ትጠብቀዋለች። አሸዋ ላይ ኤሊ ትሥልና ግማሹን አጥፍታ «ጨርስ» ትለዋለች። ጣቱን ሳያነሳ በአንድ መስመር የጨረሰ ያልፋል፤ ያልቻለውን ትበላዋለች። ድሮ ይህን ሥዕል የማያውቅ ልጅ አልነበረም። በኋላ የሚሲዮን ትምህርት ቤት መጣና አሸዋ የነካ ጣት ሁሉ በማስመሪያ ተቀጠቀጠ። አሁን ደግሞ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ሥዕሉ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ይግባ ተባለ።

ትእዛዙ ሲደርስ መምህርት ሌሳው እናቷን ከቀበረች ሳምንት አልሞላትም። እናቷ ኤሊውን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ሌሳው ይህን ባሰበች ቁጥር መንገድ ላይ የምትጠብቀው አሮጊት ትታያታለች።

በልጅነቱ ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የቀረው የእናቷ ወንድም ማሲንግ ክፍል ገብቶ ለእሷም ለልጆቹም ኤሊውን አስተማረ። በማግስቱ ጠዋት ከኋላው ግድግዳ ሥር፣ አሸዋው ወለል ላይ፣ የተንጋደደ ግማሽ ኤሊ ተሥሎ ተገኘ።

«ማነው ይሄን የሞነጫጨረው?»

«እኛ አይደለንም ቲቸር!» አለች ሊንሱስ የምትባል ተማሪ። «እኛማ ጨርሰናል። ይሄ ሰነፍ ነው።»

ሌሳው ጎንበስ አለች። ከመስመሩ ጎን የጥፍር ጭረት አለ። የእናቷ ጠቋሚ ጣት፣ እንደ ብዙ እኩዮቿ ጣት፣ በሚሲዮኑ ማስመሪያ ተሰብሮ እንደጎበጠ ቀርቶ ነበር፤ ስትጽፍ ጥፍሯ ወረቀቱን ይጭር ነበር።

«እህቴ ናት» አለ ዛሬም ሊያስተምር የመጣው ማሲንግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልተሻገረችም። ልትማር መጥታለች።»

«እንግዲያው እኔ ልጨርስላት!»

«እረፊ አንቺ ልጅ! ለሙት የጨረሰ አብሮ ይሄዳል። ለተማሪዎችሽ የቤት ሥራ ትሠሪላቸዋለሽ? አስተምሪያት።»

ሌሳው ፊቷን ወደ ኋላው ግድግዳ አዙራ ኤሊውን ቀስ ብላ ሣለች። «ወደ ግራ… እጠፊ… ጣትሽን አታንሺ፣ እማዬ።» ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ተጠጋግተው የኋላውን ቦታ ለቀቁ። ክፍሉ ቀዘቀዘ። አሸዋው ብቻውን ተንቀሳቀሰ፤ መስመሩ ዞረ፣ ተጠማዘዘ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጭራው ላይ ደርሶ ገጠመ። ሌሳው ተማሪዎቿ ፊት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ አላፈረችም።

በማግስቱ ቀለል ብሏት የክፍሉን በር ከፈተች። እግር ማሳረፊያ አልነበረም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ግማሽ ኤሊ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይመስልም፤ በየመስመሩ ጎን ግን የጥፍር ጭረት አለ።

ሊንሱስ ከኋላዋ ቀሚሷን ያዘች።

«ቲቸር፣ እኛ የት እንቀመጥ?»