የኤሊው ይቅርታ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በድምፄ ስበላ ኖሬያለሁ። የሬዲዮ ድራማው፣ የሳሙና ማስታወቂያው፣ ባንክ ስትደውሉ «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ ደም የሚያፈላው ሁሉ እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ ጎርናናው ይሉኛል። ካርቱን ላይ ድምፅ መቅዳት ግን ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። ሽበቴን ይዤ እንደ እንቁራሪት ስጮህ እውላለሁ፤ «ይሄን የሚያየው አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርግ ሕፃን ነው፤ አዋቂ እዚህ ምን ቤት ነው?» እላለሁ።

«ተሳስተሃል» ይለኛል ዳይሬክተራችን፣ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ። «ልጅ ብቻውን ሲኒማ አይመጣም። እናቱን ካላስለቀስክ በሚቀጥለው ማን ያመጣዋል?»

ባለፈው ዓመት ወደ አማርኛ የምንመልሰው አንድ የኤሊዎች ፊልም ከውጭ መጣልን። አባት ኤሊ ልጁን ውሃ ዳር ካለ ድንጋይ ሥር ትቷት ይጠፋል፤ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይቅርታ ይጠይቃታል። የአባትየው ድምፅ ለእኔ ደረሰ።

በእኛ ሥራ መተርጎም ብቻ አይበቃም። ቃሉ ከሥዕሉ አፍ ጋር አብሮ መከፈትና መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ ሕፃናቱ ራሳቸው ይስቁብሃል። የተሰጠኝ ወረቀት «ልጄ ሆይ፣ በመዘግየቴ እጅግ አዝናለሁ» ይላል። እንኳን ኤሊ፣ ዳኛም እንዲህ አያወራም። ደግሞም ቃሉ ሲያልቅ የኤሊው አፍ ገና ይንቀሳቀሳል። ዳይሬክተሩ «ከራስህ ጨምርበት» አለኝ። ጨመርኩ።

«እስክመጣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ አልኩሽ። አንቺ አልተነቃነቅሽም። እኔ ነኝ ያልመጣሁት።»

ከአፉ ጋር ልክክ አለ። ዳይሬክተሩ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ አውራ ጣቱን አነሣልኝ። ያን የተናገርኩት ለኤሊ እንዳልሆነ ግን አላወቀም።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ሳለ ትምህርት ቤቷ በር ላይ አቁሜ «እስክመጣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ» ብያት ሄድኩ። የሄድኩት ወደ ሌላ ሴት ቤት ነው፤ በዚያው ቀረሁ። ሲመሽ እጇን ይዞ ለእናቷ ያደረሳት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። የተበጠሰ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ በሰው ሠርግና በሰው ለቅሶ ላይ ተገናኝተናል፤ አንድም ቀን ነገሩን አላነሣሁትም። ፈሪ ነኝ። ድሮ «አባዬ» እያለች አንገቴ ላይ ትጠመጠም ነበር፤ አሁን አንቱ ሆኛለሁ። ያቺን ቃል ሲኒማ ቤት ውስጥ ብትሰማት ሆዷ ይራራል፣ የልጅ ልጄንም አልፎ አልፎ ታሳየኛለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ደወልኩና ጋበዝኳት።

«ልጅቷ ካርቱን ስለምትወድ ነው የምመጣው» አለችኝ። «ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት።»

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ፊልሙ ውስጥ ያለው አስቂኝ ሸርጣን ባልዲ ውስጥ በወደቀ ቁጥር ልጆቹ በሳቅ ይንጫጫሉ፤ ወላጆቻቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ በመሃላችን ተቀምጣ ፈንዲሻዋን ትቆረጥማለች። እኔ ፊልሙን አላይም፤ ልጄን ነው የማየው።

ኤሊው አፉን ከፈተ። ገና «አንቺ አልተነቃነቅሽም» ሲል የስልኮቹ ብርሃን እዚህም እዚያም ጠፋ። ከፊታችን የተቀመጠ ትከሻ ሰፊ ሰውዬ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። አንዱ ሕፃን «ሸርጣኑ የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅ እናቱ እንባዋን እየጠረገች ዝም በል አለችው። ልጄ አላለቀሰችም። ሁለት እጆቿን ዘርግታ የልጇን ጆሮ ደፈነች።

«ኧረ እማዬ፣ ልስማበት!» አለች ሕፃኗ እየተወራጨች።

ስንወጣ ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። «ወላጆቹን አየሃቸው? አላልኩህም? ቆይ፣ ያቺን ነገር ከየት ነው ያመጣሃት?»

«ከእኔ ነው የወሰዷት» አለችው ልጄ።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ዞር አለ።

«ልጄ፣ እኔኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አለችኝ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ስልክ አለዎት፤ ቤቴን ያውቁታል። ዝም አሉኝ። እሺ፣ ዝምታውን ለመድኩት። ያቺ ቀን ግን የእኔ ነበረች። ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ዛሬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ አደሏት። ሰዉ አለቀሰልዎት፣ ይቅርም አለዎት። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የእኔ ደግሞ በየሲኒማ ቤቱ በቀን አራት ጊዜ ይወጣል። እውነቷን ነው፤ ለሥዕል ልጅ የደፈርኩትን ያህል ለሥጋ ልጄ አልደፈርኩም። አሁን ካልጠየቅኳት መቼም አልጠይቃትም አልኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያልመጣሁት።»

ከአንጀቴ ነው የተናገርኩት። በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ የምሬን ሆኜ አላውቅም። ድምፄ ግን ያው አንዱ ነው፤ ለቤት የሚሆን ሌላ ድምፅ የለኝም።

የልጅ ልጄ በደስታ ዘለለች። «ኤሊው! እማዬ፣ ሰማሽው? ኤሊው ነው! በናትህ ድገመው!»

የሚወጣው ሰው ሁሉ ዞረ። «እውነትም እሱ ነው!» ብለው ሁለት ሦስት ወላጆች እየሳቁ ስልካቸውን ደቀኑብኝ። ልጄ ስልኮቹን አየች፣ እኔን አየች።

«ጎበዝ ነዎት» አለችኝና የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።