ደረቁ ግድግዳ

ባሏ ከሞተ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ እሱ ታሞ ወደተኛበት ክፍል የምትገባው አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስትገባ የመጽሐፍ መደርደሪያው አንዱ ጣውላ ከነመጻሕፍቱ ወርዶ ወለሉ ላይ ተበትኖ አገኘችው። የቀሩትም ጣውላዎች መሐላቸው ረግቧል፤ የጀርባው ስስ ልባጥ ከምስማሩ ተላቆ ሆዱን ነፍቷል። ለዋርሳዋ ደወለች።

ዋርሳዋ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። የቤት ዕቃ መደብር ተቀጥሮ፣ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን ቁም ሳጥንና መደርደሪያ በየሰዉ ቤት እየዞረ ይገጣጥማል። ከልጅነቱ ጀምሮ ዕቃ ሲፈታታ ብሎኑን አፉ ውስጥ ይዞ ማውራት ስለሚወድ፣ ወንድሙ "ብሎን" ብሎ ያወጣለት ቅጽል ስም በዚያው ጸንቶ ቀርቷል።

"እትዬ፣ ይሄ ነገርማ ታሟል" አለ ብሎን ገና በሩ ላይ ቆሞ። ወዲያው ደነገጠና አንገቱን ደፋ።

"ግድ የለም፣ ግባ" አለችው።

ባሏ የማተሚያ ቤት አራሚ ስለነበር መጻሕፍቱ ብዙ ናቸው። አውርደው ሲጨርሱ ብሎን በጣቱ የወደቀውን ጣውላ ጠርዝ ዳበሰ። ውሃ እንደነካው ዳቦ አብጧል።

"ውሃ ፈሶበት ነበር እንዴ?"

"አልፈሰሰበትም። እንፋሎቱ ነው።"

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ክረምቱን ሙሉ የወንድሙ ሳንባ ቀዝቃዛ አየር አልቀበል ብሎ፣ እሷ ከአልጋው አጠገብ በምድጃ ላይ ውሃ ስታፈላ ነው የከረመችው። ነፋስ ሲነካው ስለሚያስለው መስኮቱ አይከፈትም። የውጪው ግድግዳ ያልበው ነበር፤ በጨርቅ ትወለውለዋለች። ግድግዳውን የተደገፈው መደርደሪያ እየጎበጠ መሄዱን አይታለች። አይታ ግን "ይጣመም፣ እሱ ብቻ ይተንፍስልኝ" ብላ ዝም አለች።

"ይሄ እንጨት እንዳይመስልሽ" አለ ብሎን። "የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው። እርጥበት ጠጥቶ ካበጠ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ የወደቀውን በአዲስ እቀይርልሻለሁ። የጎበጠው ግን ይቃናል። ጉብጠቱን ወደ ላይ አዙረን ወለል ላይ እናስተኛዋለን፤ መጻሕፍቱን እንጭንበታለን።"

"ያጎበጡት ራሳቸው አይደሉ እንዴ?"

"ታዲያ በጥፋታቸው ይሥሩ እንጂ!"

ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

በሳምንቱ ብሎን ተመልሶ መጣ። ጣውላዎቹ ከሞላ ጎደል ተቃንተዋል። እየገለበጠ መልሶ ገጠማቸው፤ ዳግም እንዳይጎብጡ በእያንዳንዳቸው የፊት ጠርዝ ሥር ቀጭን የእንጨት ዘንግ በኮላ አጣበቀ። ጀርባውን ጠንከር ባለ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ቀይሮ ዙሪያውን በምስማር መታው። "ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ጀርባው ነው" አላት። "ከባድ ከባዱን መጽሐፍ ከታች አድርጊ።"

ከዚያ ጎሮሮውን ጠረገ። "ግን እዚህ ግድግዳ ላይ አይመለስም። ደረቁ ግድግዳ ያ ነው።"

ሳያይ በአገጩ አመለከተ። እዚያ ያለው አልጋው ነበር፤ እንደተነጠፈ ነው።

"መስኮቱን እከፍትለታለሁ" አለች ቶሎ ብላ።

"ይሄኛው ግድግዳ ከውጪም ዝናብ ያስገባል። ለከርሞ እንደገና ትጠሪኛለሽ።"

"እጠራሃለሁ! ምን አለበት?"

ብሎን ጎንበስ ብሎ ለመደርደሪያው እግር ሽብልቅ መጥረብ ጀመረ። እሷ ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ሬሳው ከተነሳበት ወዲህ ነክታው አታውቅም።

"ስንት ውሃ አፈላሁ መሰለህ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"አንድ ቀን እንኳ ድስቱ ደርቆ አያውቅም።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን ሞተ?"

ብሎን አፉ ውስጥ የያዛቸውን ብሎኖች እጁ ላይ ተፋቸው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ሁለቱም አለቀሱ፤ እሷ ድምፅ አውጥታ፣ እሱ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ።

በመጨረሻ እሷው ተነሳች። አንሶላውን ገፈፈች፣ ብርድ ልብሱን አጠፈች። እሱ አልጋውን ሲፈታ እሷ ብረቱን ደግፋ ያዘችለት።

"እኔ ቤት ላስቀምጥልሽ?" አላት።

"ለሚያስፈልገው ስጠው። የታመመ ሰው አይጠፋም።"

መደርደሪያውን በአልጋው ቦታ አቁመው ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰሩት። ዋርሳዋ አልጋውን ተሸክሞ ውጪ ወዳቆመው የጭነት መኪና ወረደ።

ብቻዋን ስትቀር መጻሕፍቱን መደርደር ጀመረች። ከባድ ከባዱን ከታች አደረገች። የቀረውን ባሏ እንዴት እንደሚያሰልፈው ልታስታውስ ሞከረች፤ በጸሐፊ ይሁን በዓመት፣ ጠፋባት። ዝም ብላ በቁመታቸው አሰለፈቻቸው። እሱ ቢያይ ይቆጣ ነበር። አንዱን መጽሐፍ በእጇ እንደያዘች ትንሽ ጠበቀች። የተቆጣት የለም። መጽሐፉን ቦታው ላይ አስገባችና ሌላ አነሳች።