ከመቶ ስልሳ አንድ ሰው የከፈተው ይቅርታ

የፍራሽ ፋብሪካው ለአርባ አንድ ሺህ ሰው ኢሜይል ይልካል፤ የሚከፍተው ግን ከመቶ ዘጠኝ ሰው ነው። ከዘጠኙ ውስጥ ሊንኩን ተጭኖ ፍራሽ ለማየት የሚገባው አንድ ቢሆን ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ጣቱ አዳልጦት ነው። ይህን ጉድ ማንም እንዳይረሳው ተብሎ የቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። ሥራ አስኪያጁ፣ ሠራተኛው በሙሉ «ዋናው» የሚለው ሰውዬ፣ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ስክሪኑን ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሰላምታው ለሰውም ይተርፋል።

የኢሜይሎቹን ርዕስ የሚጽፈው ሰው በመሥሪያ ቤቱ «ዛሬብቻ» ይባላል። ሥራው ሲያዩት የቀለለ ነው፤ በሳምንት ሦስት መስመር መጻፍ። ነገር ግን ስለ ፍራሽ በሳምንት ሦስት ጊዜ አዲስ ወሬ ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። «ወገብዎ ምን ይላል?» ብሎ ልኳል። «ዛሬ ብቻ!» ብሎ ልኳል፤ በማግስቱም ዓይኑን በጨው አጥቦ «ዛሬ ብቻ!» ብሏል፣ ቅጽል ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው። «ስለ እርስዎ የሰማነው እውነት ነው?» ያለ ቀን ቁጥሩ አሥራ ሦስት ደርሶ ዋናው ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሩ ስምንት ሲሆን ትከሻውን የሚያስታውሰው ጠፋ።

ይህ ሰው አንዲት ታላቅ እህት አለችው። እናታቸው ካረፈች በኋላ ያሳደገችው፣ ደብተሩን የሸፈነችለት፣ ሲደባደብ የምታስታርቀው እሷ ነበረች። እታለም ነው የሚላት። እታለም ካገባች በአሥራ አንደኛው ዓመቷ አረገዘች። ደስታዋን መቻል ቢያቅታት ገና በስድስተኛ ወሯ በወንድሟ የሠራተኛ ቅናሽ ትንሽ የሕፃን ፍራሽ ገዛች፤ እሱም ታክሲ ላይ ጭኖ ወሰደላት። በሰባተኛው ወር ሕይወት የሌለው ሕፃን ወለደች።

ዛሬብቻ ሆስፒታል ሄዶ አሥር ደቂቃ ተቀመጠ። «አይዞሽ» አላት፤ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ብድግ አለ። የዓመቱ ትልቁ የቅናሽ ሳምንት ነበረ።

ከዚያ ሦስት ወር ቆይቶ ነው ነገሩ የተበላሸው። ፋብሪካው የሕፃን ፍራሽ ለገዛ ሰው፣ ከገዛ በአራተኛው ወር «ስለ ልጅዎ እንኳን ደስ አለዎት!» የሚል ኢሜይል ይልካል። ደስታው እውነት ነው እንጂ ከሥሩ የትራስ ዋጋ አለ። በዝርዝሩ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ዛሬብቻ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ከዋናው ጋር እያወራ፣ «ለተመረጡት» የሚለውን ትቶ «ለሁሉም» የሚለውን ተጫነ።

አርባ አንድ ሺህ ሰው በአንድ ጠዋት ልጅ ወለደ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ ጡረተኛ ደውለው «ከማን ነው የወለድኩት?» ብለው ጠየቁ፤ ድምፃቸው ተስፋ ያለበት ይመስል ነበር። አንድ ሾፌር ሚስቱ ልብሱን በር ላይ እንዳወጣችለት ተናግሮ፣ ማኅተም ያለበት ማስተባበያ እንዲጻፍለት ለመነ። አንዲት መነኩሴ ስማቸው እንዲሰረዝ ብቻ ጠየቁ።

ዋናው ዓይኑ ደም ለብሶ መጣ። «ይቅርታ ጽፈህ ላክ፣ ከዚያ ዕቃህን ሰብስብ!» አለው።

ዛሬብቻ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ሥራው እንደሆነ ሄዷልና ለማሳመር አልሞከረም። ርዕሱን «አጥፍተናል፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለው፤ ከሥሩም «ያ መልእክት የሕፃን ፍራሽ ለገዙ ደንበኞቻችን ብቻ የታሰበ ነበር» ብሎ ላከው። ከዚያ ካርቶን ፈልጎ ኩባያውንና መቀየሪያ ጫማውን መክተት ጀመረ።

እኩለ ቀን ላይ ስክሪኑን ያየ ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ። ይቅርታውን ከመቶ ስልሳ አንድ ሰው ከፍቶታል። ከመቶ አሥራ አንዱ ሊንኩን ተጭነዋል፤ ሊንኩ ደግሞ ፍራሽ ቤት ነው የሚያስገባው። ዋናው ቀስ ብሎ መጥቶ ከካርቶኑ አጠገብ ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነዋ።»

«ማን ሰብስብ አለህ?» አለ ዋናው፣ ኩባያውን በገዛ እጁ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እየመለሰ።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። «ሰው ቅናሽ ሰልችቶታል» አለ ዋናው። «ሰው የሚወደው የተዋረደ ሰው ማየት ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ በየሳምንቱ እንሳሳታለን፤ በየሳምንቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።» የሕግ አማካሪው ስሕተቱ ጉዳት የማያደርስ መሆን አለበት አለ። ሒሳብ ክፍል የስሕተት ማጽደቂያ ቅጽ አዘጋጀ፤ ሦስት ፊርማ አለው። ሦስት ሰው አስቦ የፈረመበት ነገር ስሕተት ሊባል ይችላል ወይ ብላ ለኢሜይሎቹ ሥዕል የምትሠራው ልጅ ጠየቀች።

በመጀመሪያው ሳምንት የትራስ ፎቶ ተገልብጦ ተላከ። የትራስ ላይና ታች ስለማይለይ ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ ይቅርታውን ግን ከመቶ ሃምሳ አራት ሰው ከፈተው። በሁለተኛው ሳምንት ፍራሹ አሥር ሜትር ቁመት አለው ተባለ፤ ይህን አምኖ ሁለት ያዘዘ ሰው ተገኘ። ዛሬብቻ የፋብሪካው ይቅርታ ጠያቂ ሆኖ ተሾመ። «በኀፍረት እንጽፍልዎታለን»፣ «ፊትዎን ለማየት አፈርን» እያለ ሲያወርደው የሚያነብበው ሁሉ አንጀቱ ይንሰፈሰፋል፣ ፍራሽም ይገዛል። መቼም ሥራ ይባላል ይሄ።

ስድስተኛው ይቅርታ በሄደ ማግስት የእህቱ ባል ደወለለት። ዝምተኛ ሰው ነው፤ መደወሉ ራሱ ያስደነግጣል።

«ወንድሜ፣ ያንን የእንኳን ደስ አለዎት ኢሜይል ለምን ላክህላት?»

በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ዛሬብቻ አንድ ቀን እንኳ አላሰባትም ነበር። «እኔ እኮ አይደለሁም! ማለቴ፣ እኔ ነኝ፣ ግን ተሳስቼ ነው። ለሁሉም ሰው ነው የሄደው፤ ይቅርታም ልከናል!»

«ይቅርታውን አንብበነዋል። የሕፃን ፍራሽ ለገዙ ብቻ የታሰበ ነበር ይላል። እሷ እኮ ገዝታለች። አንተ ባትሳሳትም ይደርሳት ነበር። ስምህ ሲነሣ ጥላን ትወጣለች፤ ይኸው በየሳምንቱ ደግሞ ይቅርታ ይመጣላታል፣ አንዴ ስለ ትራስ፣ አንዴ ስለ ሜትር። እኔ ምን ልበላት?»

ዛሬብቻ ለእህቱ ደወለ፣ አታነሣም። ደግሞ ደወለ፣ አታነሣም። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለው። እናቱ ናት እኮ፣ ሌላ ማን አለው? እሷ ከተቀየመችው በዚህ ዓለም ላይ «በላህ ወይ?» የሚለው ሰው የለም።

እንግዲህ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው፤ ሊጽፍላት ተቀመጠ። ሁለት ርዕስ አዘጋጅቶ ሥዕል ለምትሠራው ልጅ አሳያት። አንዱ «እታለም፣ አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ሌላው «እታለም፣ አንዴ ስሚኝ»።

«የቱን ትከፍቻለሽ?»

«ስንት ሰው ነው የሚላክለት?»

«አንድ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። «ለአንድ ሰው ምን ርዕስ ያስፈልገዋል?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እሱ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። በፋብሪካው የኢሜይል መላኪያ ነው የላከው፤ መክፈቷን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነውና። ቀኑንም መረጠ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ ሰው ኢሜይል የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ልኮ ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። የተላከ፦ አንድ። የተከፈተ፦ ዜሮ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከወንበሩ አልተነሣም። የተከፈተ፦ አንድ። የተጫነ፦ አንድ።

የተጫነ? ደብዳቤው ውስጥ ያስገባው ሊንክ የለም።

«መቶ ከመቶ!» የሚል ጩኸት ከበስተጀርባው መጣ። ዋናው በሩጫ ነው የደረሰው። «መቶ ከመቶ ተከፍቶ፣ መቶ ከመቶ ተጭኖ! በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም! ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

ዛሬብቻ ወደ ደብዳቤው ግርጌ ወረደ። መላኪያው ከሁሉም ኢሜይል ግርጌ በራሱ የሚያስቀምጣት አንዲት መስመር አለች፦ «ከዝርዝራችን ለመውጣት እዚህ ይጫኑ»። እታለም የተጫነችው እሷን ነው። መላኪያው እንደ ልማዱ ምክንያት ጠይቋታል፦ ብዙ ይላክብኛል፣ አይመለከተኝም፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለው ውስጥ ጽፋለች።

«ቤቴን ታውቀዋለህ።»

ዛሬብቻ ሁለቴ አነበበው። ዋናው ደግሞ በትከሻው በኩል አጎንብሶ ደብዳቤውን ያነብባል። «ግሩም ነው! ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እግዜር ያሳይህ! ‹እታለም› የሚለውን ‹ውድ ደንበኛችን› በለውና ከሰዓት በፊት ለሁሉም ይሂድ። ሆስፒታል አሥር ደቂቃ ብቻ ተቀመጥኩ ያልከውንም አታውጣው፣ እሱ ጥሩ ነው።»

ዛሬብቻ ደብዳቤውን ሰረዘው። ከዚያ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

«ወዴት ነው? የሥራ ሰዓት እኮ ነው!»

ልማድ ሆኖበት ይቅርታ ሊል ነበር፤ ትቶት ታክሲ ሊይዝ ሄደ።

እታለም በሩን ከፍታ አየችው። ፊቷ ከስቷል። ታክሲ ውስጥ ሲያጠናው የመጣውን ሊጀምር «ይቅር...» ሲል እጇን አነሣች።

«እሷን ቃል ተዋት። ሰልችታኛለች።»

ጀርባዋን ሰጥታው ገባች፣ በሩን ግን አልዘጋችውም። ተከትሏት ገባ። ሳሎኑ ውስጥ የታጠበ አንሶላና የአልጋ ልብስ ተከምሯል፤ እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ አንዱን አንሥታ ማጠፍ ጀመረች። ሰፊ ስለነበር ለብቻዋ አስቸገራት። ዛሬብቻ ሌላኛውን ጫፍ ያዘላት። ልጆች ሳሉ እንዲህ ያጥፉ እንደነበር አላስታወሰም፤ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ወር ውስጥ ያልጠየቃት ነገር እንዳለ ገባው፣ ገብቶትም አፈረ።

«እታለም» አላት፣ «ወንድ ነበር ሴት?»

አንሶላው በመካከላቸው እንደተወጠረ ቀረ።

«ሴት» አለች። «ጸጉር ነበራት። ብዙ ጸጉር፣ እንዳንተ።»

ዛሬብቻ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘ አለቀሰ። እሷም ጫፏን ሳትለቅ፣ ስለ ሕፃኗ ጣቶች፣ ስለ ከንፈሯ፣ ሊሰጧት አስበውት ስለነበረው ስም ቀስ እያለች ትነግረው ጀመር።