ከመዳፍ የማያልፍ መስኮት

«መስኮት ራሱን አይፈታም!» አለ የፒንሳ አጎት። የያዘውን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው ከሥሩ ለሁለት ተሰነጠቀና ትኩሱ ሻይ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። አልተነሣም። ሱሪውን እንኳ አላራገፈም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ሲጠግን የኖረ ሰው ከገዛ ቤቱ ፎቅ መስኮት ወድቆ ሞተ ብላችሁ እኔን ልታሳምኑኝ ነው? በወንድሜ ሞት የሰው እጅ አለበት። ይኸው፣ በሰው ፊት ተናገርኩ!»

የሐዘኑ ሁለተኛ ቀን ነበር። ሳሎኑ ከጎረቤት በተለቀሙ ወንበሮች ጢም ብሏል። የሰው ሁሉ ዓይን ጥግ ላይ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ወደተቀመጠችው የሟቹ ሚስት ዞረ። እሷ ወለሉን ታያለች።

ልጇ ፒንሳ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ፒንሳ ያላት አባቷ ነው። በልጅነቷ እግሯ ቀጭንና ረጅም ስለነበር፣ ስትሮጥ ልክ እንደ ፒንሳ አፍ ይከፈትና ይዘጋል እያለ ይስቅባት ነበር። አድጋ የሱኑ ሙያ ስትይዝ ስሙም አብሯት ሥራ ገባ፤ መስኮት የተበላሸበት ሁሉ «ፒንሳን ጥሩልኝ» ይላል።

«አንቺ!» አለ አጎቷ ወደ እሷ ዞሮ። «ሙያው ያንቺ ነው። ነገ ይኼ ሰው ሁሉ ባለበት መስኮቱን ታዪና የሆነውን በአባትሽ ነፍስ ምለሽ ትናገሪያለሽ። አለዚያ እኔ ከዚህ ወጥቼ ፖሊስ ጣቢያ ነኝ። ‹አደጋ ነው› ብለው የጻፉትን ወረቀት አስቀድጄ እናትሽን በካቴና ነው የማስወስዳት!»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች።

መስኮቱን ማየት አላስፈለጋትም። ማን እንደፈታው ታውቃለች። የፈታችው እሷ ነች።

ወደ ኩሽና ስትመለስ የምድር ቤቷ ጎረቤት ተከትላት ገባች። ጥሩ ሴት ናት፤ ምላሷ ብቻ ነው የሚቀድማት። «አይዞሽ፣ የኔ ልጅ። አጎትሽ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያስጮኸው» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንደው ጊዜው ባይሆንም… የኔ መኝታ ቤት መስኮት እጀታ ዝም ብሎ ይዞራል። ወደ ላይ ብለው፣ ወደ ታች ብለው፣ የመስኮቱ ክንፍ ንቅንቅ አይልም። ባሌ ዘይት አጠጣው፤ ዘይቱ መጋረጃዬን አበላሸው እንጂ ምንም አልፈየደ።»

«እጀታው ውስጥ አራት ማዕዘን ብረት አለች፣ እትዬ። ጠርዟ አልቋል። ዘይት አያድናትም፣ መለወጥ ነው።»

«አላልኩትም! ይኼ ሰውዬ እኮ እኔን መች ይሰማል!» ብላ ልትስቅ ስትል ያለችበት ቤት ትዝ አላትና አፏን በመዳፏ ያዘች። «ወይ እኔ! ምላሴን ይቁረጠው።»

ፒንሳ ሳታስበው ፈገግ አለች። ፈገግታው አፏ ላይ እንዳለ እንባዋ መጣ። ስለ እጀታ ስታወራ የምትሰማው ድምፅ የራሷ አይደለም፤ የአባቷ ነው።

አባቷ «እጀታን አትታገዪው» ይላት ነበር። «እምቢ ካለሽ ቆም በይና አዳምጪው። ውስጡ የታመመ ነገር አለ ማለት ነው።» በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የመቆለፊያውን ሐዲድ አቧራ ይጠርጋል፣ በእያንዳንዱ መያዣ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያኖራል፣ ከዚያ ዘይቱ ይዳረስ ብሎ ክንፉን አሥር ጊዜ ቀስ እያለ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ባለ ሁለት መስታወቱን ክንፍ ከቦታው ሲያወርድ ጡት የሚጠባ ልጅ የተሸከመ ይመስላል። ደንበኞቹ «እንዴት ያለ ለስላሳ ሰው ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር።

ቤቱ ሲገባ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ያ ለስላሳ ሰው ደጅ ይቀራል። ፒንሳ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ እራት ዘገየ ብሎ የእናቷን ቀኝ እጅ መኝታ ቤቱ በር መሃል አድርጎ በሩን ወረወረው። ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን ንዴት ነው ብሎ የሚያልፍለት ሰው ይኖር ይሆናል። ለሁለተኛው በሩን እንደገና መክፈት ነበረበት። ፒንሳ በዚያች ቅጽበት ፊቱን አይታዋለች፤ ሥራውን በጥንቃቄ እንደሚሠራ ሰው ነበር። አጥንቱ ጠሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ማንኪያ እንኳ ጨብጦ አያውቅም።

ኋላ ደግሞ እናቷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ከምድር ቤቷ ጎረቤት ጋር ስታወራ ያዛት። በፀጉሯ ጎትቶ ወለሉ ላይ ከጣላት በኋላ ካቻቢቴውን አንሥቶ የቤቱን የመስኮት እጀታ በሙሉ ነቀለ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲሄድ እጀታዎቹን በቦርሳው ይዞ ይወጣል፤ ማታ ሲገባ ይመልሳቸዋል። ይኼም አልበቃው ብሎ የመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ማገቻ ገጠመ። ማገቻ ማለት ጣት የምታህል የብረት ክንድ ናት፤ ክንፉን ወደ ውጭ ሲገፉት ከአንድ መዳፍ በላይ እንዳይሄድ ይዛ ታቆመዋለች። ሌላው ሰው ለሕፃን የሚገጥመውን እሱ ለሚስቱ ገጠመው።

የዛሬ ሁለት ወር ነው እናትየዋ ለፒንሳ «ጭንቅላቴን ብቻ ላውጣ» ያለቻት። «ሰው ሲያልፍ ልይ። ሌላ ምን አደርጋለሁ ብለሽ ነው፣ ልጄ?» ፒንሳ አባቷ ሳይኖር መጣች። አንድ ትርፍ እጀታ ሰጠቻት። የማገቻዋን ሁለት ብሎኖች ፈታችና ማገቻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የብርድ ወር ስለነበር አባቷ ያንን መስኮት አይነካውም። እናቷ በዚያ ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ የመስኮቱን ደፍ ተደግፋ፣ ነፋሱ ሻርፗን ሲያነሣው እንደ ልጅ ሳቀች።

ማገቻ የነቀለ ባለሙያ ለባለቤቱ ሳይናገር ከቤቱ አይወጣም። አባቷ ካስተማራት ሁሉ የመጀመሪያው ይኼ ነው። እሷ ግን ሳትናገር ወጣች።

ጎረቤቷ ከኩሽናው ስትወጣ እናቷ ገባችና በሩን በጀርባዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ነገ እኔ ፈታሁት እላለሁ» አለች።

«እማዬ፣ ተይ።»

«አንቺ ዕድሜሽ ገና ነው። እኔን የትም ቢያስሩኝ ለእስር አዲስ አይደለሁም። ካቻቢቴ አምጥቼ ፈታሁት እላለሁ፤ አለቀ።»

«በየትኛው እጅሽ?»

እናቷ ቀኝ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተችው።

በሦስተኛው ቀን ሳሎኑ ከወትሮውም በላይ ሞላ፤ ነገር ይሰማ ብሎ የመጣውም ጥቂት አይደለም። አጎቷ መኝታ ቤቱ መሃል ቆሟል። ክንፉ የነበረበት ቦታ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ነፋሱ ሲገፋው ይጮሃል። ደፉ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ቢል ነው።

«እህሳ?» አለ አጎቷ።

ፒንሳ ቦርሳዋን ከፈተችና ያችን የብረት ክንድ አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። «ማገቻው ይኼ ነው። የፈታሁት እኔ ነኝ። እናቴ አየር ታግኝ ብዬ ፈታሁት። ለአባዬ አልነገርኩትም። ይኼው ነው የሆነው።»

«አንቺ?» አለ። «አንቺ ራስሽ?»

«እኔ።»

ጥፊው የመጣበትን አላየችውም። ጆሮዋ ጭው አለ፤ ከንፈሯ ከጥርሷ ጋር ተጋጭቶ ደም አፏን ሞላው። ሁለተኛው ሲያርፍባት በግድግዳው ተደገፈች። ከዚያ አንገትጌዋን ጨምድዶ ወደ መስኮቱ ጎተታት። ደረቷ ፕላስቲኩን በረገደው፤ ከታች የግቢው ሲሚንቶ ታያት። «እዪው!» ይላል፣ እየገፋት። «ያን ቦታ እዪው! እዚያ ላይ ነው በአካፋ የለቀምኩት! ወንድሜን በአካፋ!» በር ላይ ያለው ሰው ይጮሃል፤ የሚገባ ግን የለም።

እናትየዋ ነች የገባችው። ቀኝ እጇ አይጨብጥም፤ ግራዋን አጎቷ በክርኑ መትቶ አራገፈው። እሷም አንገትጌውን የያዘውን እጅ በጥርሷ ያዘችው። ነከሰችው። እሱ እስኪያጓራ፣ ልጇን እስኪለቃት ድረስ አልተወችውም። ስትተወው አገጯ ላይ የሱ ደም ነበር።

«በዚህ ቤት ሰው መግፋት ከእሱ ጋር ቀረ!» አለች። ይህን የሚያክል ድምፅ ከእሷ የሰማ ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም። «ልንገርህ? ስማ እንግዲህ! ወንድምህ እጀታውን ካልሲዎቼ መሃል አገኘው። በቡጢ ጎኔን አለኝ። ወደቅኩ። በፀጉሬ አንሥቶ እዚህ አመጣኝና እጀታውን መስኮቱ ላይ ሰካው። ‹በዚህ ልትወጪ ነው? እኔ የገጠምኩት ማገቻ ነው፤ በሬ ቢገፋው ከመዳፍ አያልፍም። ላሳይሽና ተስፋ ቁረጪ› አለኝ። አለና በትከሻው መታው። እንደ በሬ። ሙሉ ክብደቱን ጥሎበት።»

በግራ እጇ ወደ ፕላስቲኩ አመለከተች።

«ተከፈተ። ክንፉ ሄዶ የውጩን ግድግዳ መታና ማጠፊያው ተነቀለ። እሱ ደፉ ላይ በሆዱ ተኝቷል፤ እጀታውን አለቀቀም። ያ ሁሉ መስታወት በእጁ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይስበዋል። ‹ልቀቀው!› አልኩት። ‹መስታወቱ!› ይለኛል። ‹መስታወቱ ይሰበራል!› ይላል። ሠላሳ ዓመት ክንፍ ጥሎ አያውቅም፤ እንዴት ይልቀቀው?»

ቀኝ እጇን ከሻርፗ አወጣች። ጣቶቹ እንደተቆለመሙ ናቸው።

«ቀበቶውን ያዝኩት። በግራዬ የአልጋውን እግር ይዤ፣ እሱን በዚህኛው። አልጨበጠልኝም። ጨብጪ አልኩት እጄን፤ አልጨበጠልኝም። በደህና እጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር፣ ይሰማሃል? ወንድምህን እይዘው ነበር። ይህን ሁሉ አድርጎኝም እይዘው ነበር።»

አጎቷ የተነከሰውን እጁን በሌላው ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ልቀቀው አልሽው?» አለ።

«ደጋግሜ።»

«አይለቅም» አለ። «ልጆች ሆነንም የያዘውን አይለቅም ነበር። እኔን አንድ ጊዜ በጉሮሮዬ ይዞ…» አልጨረሰውም። እጁ ሳያዝዘው አንገቱን ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ የፒንሳን ከንፈር አየ፤ ደሙን አየ፤ የገዛ መዳፉን ገልብጦ አየውና ጭኑ ሥር ደበቀው።

ሲነሣ ኮቱን አላገኘውም። የምድር ቤቷ ጎረቤት አቀበለችው። በሩ ጋ ሲደርስ ሳይዞር «ያን ፕላስቲክ ጠበቅ አድርጉት። ብርድ ይገባባችኋል» አለ።

ፒንሳ በፕላስቲኩ ቀዳዳ በዓይኗ ተከተለችው። ከግቢው ወጣ። ፖሊስ ጣቢያው በቀኝ ነው። ማዕዘኑ ላይ ቆመ፣ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቤቱ ታጠፈ።

ቀስ በቀስ ሰዉም ወጣ። እናቷ የተነከሰው እጅ ጣዕም አፏ ውስጥ እንዳለ አልጋው ላይ በጎኗ ተኛች፤ እንቅልፍ ወዲያው ወሰዳት። ገና ቀትር ነው። ከመንገዱ የሰው ድምፅ፣ የመኪና ድምፅ፣ ሁሉም እንዳለ ይገባል።

ፒንሳ ፊቷን ታጠበች። ፕላስቲኩን ከአንድ ወገን ገለጠችና አዲስ ክንፍ የሚገባበትን ለመለካት ሜትሯን ፍሬሙ ላይ ዘረጋች። አባትና ልጅ አብረው ሲሠሩ አንዱ ይለካል፣ ሌላው እርሳስ ይዞ ይቆማል። የሚለካው ይጠራል፤ የሚጽፈው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይመልሳል፤ ሳይመለስ አይጻፍም።

«መቶ አሥራ አራት!» አለች።

ሜትሩን እንደያዘች ቁጥሩ እንዲመለስላት ጠበቀች። እናቷ አልጋው ላይ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሜትሩን ሰበሰበችው። ጫፉን ከማዕዘኑ ጋር እንደገና አገናኘችና እንደ አዲስ መለካት ጀመረች።