ለልጅቷ ማን ይንገራት

ሐኪሟ የፈቃዱን ወረቀት በእጇ እንደያዘች ነበር። "ልጅቷ ሳታውቅ እግሯን አልቆርጥም" አለች። "አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ነቅታ እግሯን ብታጣው ማናችንንም ዳግመኛ አታምንም።"

ልብስ ሰፊው አባት ቆቡን በእጁ ያሽ ነበር። "ዶክተር፣ ጄሶ ሊያደርጉልሽ ነው ብያታለሁ። ዛሬን እንኳ በሰላም ትተኛ፤ የነገውን እግዜር ያውቃል።"

"የእግሯ ዕጢ ሳንባዋ እስኪደርስ ነው የምንጠብቀው?"

"ታዲያ ይቁረጡታ! ማን ያዘዎት?"

"እርስዎ ነዎታ።"

እናትየው ጣልቃ ገባች። "አንተ ሰውዬ፣ ከደንበኛ ጋር ስትሆን አፍህ አያርፍም። ለልጅህ ሲሆን ምን ዘጋብህ?"

"አንቺስ አትነግሪያትም?"

"ጄሶ ነው ያልኳት እኔ ነኝ እንዴ?"

ሦስት ቀን በዚሁ አለፈ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አባትየው የሰፋላትን አዲስ ፒጃማ ይዞ መጣ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ፒጃማውን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

ልጅቷ ዘርግታ አየችውና በሳቅ ፈረሰች። "አባዬ፣ አርጅተሃል ማለት ነው! የቀኙን እግር ከጉልበቱ በላይ ቆርጠህ ሰፍተኸዋል እኮ!"

"ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ፣ እናቴ" አላት፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ጠፋ። ቀኝ እግሯን በብርድ ልብሱ ሸፈነችው።

"ውጣልኝ፣ አባዬ።"

ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሐኪሟ ወረቀቱን ሰጠችው፤ ቆሞ ፈረመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ የምትፈራው ነገር ሲኖር የምትጠይቀው ሐኪሟን ብቻ ሆነ።